ከአዲስ ፓኬጅ አትጀምሩ

ለዴቢያን ማዋጣት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «የትኛውን ፓኬጅ ልሥራ?» ይለኛል። (ፓኬጅ ማለት በቀላሉ እንዲጫን ተዘጋጅቶ የታሸገ ፕሮግራም ነው።) ዝርዝር ይዞ የሚመጣም አለ፤ ጊትሃብ ላይ ያየው ቆንጆ ፕሮግራም፣ ጓደኛው የጻፈው መሣሪያ፣ ዴቢያን ውስጥ ፈልጎ ያጣው ነገር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ቀኔ ይበራል። መልሴ ግን ብዙዎቹን ቅር ያሰኛቸዋል። አዲስ አትሥሩ እላለሁ። ቆይ፣ ገና ነው። መጀመሪያ ላፕቶፓችሁ ላይ አሁን ተጭኖ ካለው አንዱን ያዙ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ዴቢያንን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ኢያን መርዶክ የተባለ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነሐሴ 1993 የጀመረው ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ባለቤት ኩባንያ የለውም። የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በነሐሴ 2025 የወጣው 13ኛው እትም፣ ትሪክሲ የሚሉት፣ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ፓኬጆች አሉት። ኡቡንቱም የተገነባው በዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ዴቢያን የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ፣ ግን ኡቡንቱ የጫነ ሰው ሁሉ እነዚህ ሰዎች የደከሙበትን ሲጠቀም ኖሯል።

እስቲ 70 ሺህ የሚለውን ቁጥር አስቡት። ከእያንዳንዱ ፓኬጅ ጀርባ ሰው አለ፣ ወይም ሰው መኖር ነበረበት።

ፓኬጅ የሚሠራው ሰው ፕሮግራሙን ከጻፈው ሰው ይለያል። ይህ ብዙ ጊዜ ይምታታል። ጸሐፊው ኮዱን ይለቅቃል፤ እናንተ ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚደርስ ብዙም አይጨነቅም። መሃል ላይ የሚቆመው ሜንቴይነር ይባላል። ኮዱን ይወስድና ዴቢያን የሚል ስም ያለው ፎልደር ይጨምርበታል፣ እዚያ ውስጥ ጥቂት ፋይሎች ይጽፋል። ኮንትሮል የሚባለው ፋይል ፓኬጁ ምን እንደሆነና ምን ምን ሌላ ፓኬጅ እንደሚፈልግ ይናገራል። ሩልስ እንዴት እንደሚገነባ ይናገራል፤ ድሮ ረጅም ነበር፣ ዛሬ ዴብሄልፐር ለሚባለው አጋዥ መሣሪያ ምስጋና ይግባውና ብዙ ጊዜ ሦስት አራት መስመር ነው። ቼንጅሎግ ማን መቼ ምን እንደቀየረ ይመዘግባል። ኮፒራይት የሚባለው ደግሞ የትኛው ፋይል የማን እንደሆነና በምን ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) እንደተለቀቀ ያስቀምጣል።

እዚህ የመጨረሻው ላይ ትንሽ ልቆይ። ጀማሪ የሚንቀው እሱን ነው፣ ትልቁ ሥራ ያለው ግን እዚያ ነው። ፕሮግራሙ ፊት ለፊቱ ላይ «ጂፒኤል» (አንዱ የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ) ይላል እንበል። ጥሩ። ከዚያ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ትከፍታላችሁ። አንዱ ውስጥ ጠቅላላው ወደ አንድ መስመር የተጨመቀ የጃቫስክሪፕት ፋይል ታገኛላችሁ። ሰው ሊያነበው አይችልም፤ ክፍተቱ ሁሉ ወጥቷል፣ ስሞቹ ሁሉ አንድ አንድ ፊደል ሆነዋል። ዋናው ምንጩ የት አለ? የለም። ዴቢያን ውስጥ ይህ አያልፍም። በ1997 የጸደቀው የዴቢያን ማኅበራዊ ውልና አብሮት ያለው የነጻ ሶፍትዌር መመሪያ ምንጩ ከፕሮግራሙ ጋር መቅረብ አለበት ይላል። ወረድ ስትሉ ደግሞ አንድ የፎንት ፋይል አለ። አጠገቡ ያለችው ትንሽ የጽሑፍ ፋይል «ለንግድ መጠቀም ክልክል ነው» ትላለች። ይህም አያልፍም፤ መመሪያው አንድን የሥራ መስክ ለይቶ መከልከልን አይቀበልም። ስለዚህ ለጸሐፊው ትጽፋላችሁ፣ ፎንቱን በሌላ መተካት ይቻል እንደሆነ ትጠይቃላችሁ፣ መልስ ትጠብቃላችሁ። አንድ መስመር ኮድ አልጻፋችሁም። ነገር ግን ያ ፕሮግራም ነጻ ነው ሲባል እውነት እንዲሆን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው። በጥሞና የሚያነብ ሰው ይፈልጋል፤ በጥሞና የሚያነቡ ሰዎች ደግሞ እኛ ጋ ሞልተዋል።

አሁን ወደ አዲስ ፓኬጅ እንምጣ። አዲስ ከሆነ ይህን ሁሉ ከዜሮ ትሠራላችሁ። ሌላ ሰው ያንኑ እንዳይጀምር «እኔ ልሠራው ነው» የሚል ማስታወቂያ ባግ መከታተያው (ዴቢያን የፕሮግራም ስሕተቶችን የሚመዘግብበት ቦታ) ላይ ትከፍታላችሁ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ራሳችሁ አፕሎድ ማድረግ አትችሉም፤ ፈቃድ ያለው የዴቢያን አባል አይቶ በራሱ ፊርማ እንዲያስገባላችሁ መፈለግ አለባችሁ። ስፖንሰር ይሉታል። ስፖንሰር ተገኘ እንበል። ፓኬጁ የአዳዲሶች ወረፋ ላይ ይቆማል፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ላይሰንሱን እንደገና ይመረምራሉ። ጥቂት ናቸው። እነሱም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ወረፋው አንዳንዴ በቀናት ያልቃል፣ አንዳንዴ ወራት ይወስዳል።

በዚህ መሃል ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። አልቻሉም አይባልም። የመጀመሪያ ልምዳቸው ዝምታና ጥበቃ ስለሆነባቸው ነው የሄዱት።

ደግሞስ ሲገባ? እንደ ልጅ ነው፤ ከመውለዱ ማሳደጉ ይከብዳል። ጸሐፊው አዲስ ቨርዥን ባወጣ ቁጥር መከታተል አለ፣ ባግ ሲመጣ መመለስ አለ፣ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ቶሎ መድረስ አለ። የተረጋጋው እትም የሚወጣው በሁለት ዓመት ገደማ አንዴ ነው፣ ከወጣ በኋላም ከረጅም ጊዜ ድጋፉ ጋር ለአምስት ዓመት ይያዛል። ዛሬ በሞቅታ ያስገባችሁት ነገር የማታውቁት ሰው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ይቀመጣል። ይህን ኃላፊነት የሚሸከም ሰው ሥራውን አስቀድሞ ቢቀምሰው ይሻላል ባይ ነኝ።

ያለውን መያዝ ግን ሌላ ነው። ፓኬጁ አለ። ወረፋውን አልፏል። ተጠቃሚዎች አሉት፣ ከእነሱ አንዱ እናንተ ናችሁ። የጎደለው እጅ ነው።

የት እንደምትገቡ የሚያሳያችሁ መሣሪያም አለ። «ሃው ካን አይ ሄልፕ» ይባላል፣ እሱ ራሱ የዴቢያን ፓኬጅ ነው። አንዴ ከጫናችሁት በኋላ በአፕት (በዴቢያን የፓኬጅ መጫኛ ትዕዛዝ) ሌላ ነገር በጫናችሁ ቁጥር መጨረሻ ላይ ዝርዝር ያወጣላችኋል፦ እናንተ ማሽን ላይ ካሉት ፓኬጆች የትኛው ሜንቴይነር አጥቷል፣ የትኛው እርዳታ እየጠየቀ ነው፣ የትኛው ባግ ላይ «ለጀማሪ ይሆናል» የሚል ምልክት ተደርጓል፣ የትኛው ፓኬጅ ከሚቀጥለው እትም ሊወጣ ነው። የ70 ሺህ ፓኬጅ ባሕር ውስጥ አይጥላችሁም። የራሳችሁን ጓዳ ነው የሚያሳያችሁ።

ለአንዲት ተማሪ ይህን ነግሬአት ነበር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነች። በቴሌግራም ነው የጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ፕሮግራመር ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም» አለች። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተምራለች፣ እሱም ፈተና ለማለፍ ያህል። «ተዪ፣ ዝርዝሩን ብቻ አውጪና ላኪልኝ» አልኳት። ላከች። አብዛኛው ትልቅና የሚያስፈራ ነው። መሃል ላይ ግን እሷ ፋይሎቿን የምትደረድርባት አንዲት ትንሽ የተርሚናል ፕሮግራም ነበረች። የተከፈተባት ባግ በጂሲሲ 14 አትገነባም ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂሲሲ የሲ ኮምፓይለር ነው፤ የተጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ይለውጣል። አንድ ፈንክሽን አስቀድሞ ሳይታወጅ ስትጠሩት ድሮ ያስጠነቅቃችሁና ያልፋችሁ ነበር። 14ኛው ቨርዥን ላይ ይህ ሙሉ ስሕተት ሆነ። ለዓመታት በማስጠንቀቂያ ሲታለፍ የኖረ አሮጌ ኮድ ሁሉ በአንዴ ተሰበረ። ዴቢያን 13 የተዘጋጀው በዚሁ ኮምፓይለር ስለሆነ እንዲህ ያለ ባግ በብዙ ፓኬጆች ላይ ተከፍቶ ነበር። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ አናት ላይ የምትጨመር፣ ፈንክሽኑ የታወጀበትን ፋይል የምትጠራ አንድ የኢንክሉድ መስመር ናት።

እሷ ማሽን ላይ የወጣው መልእክት «ስትርሌን» የሚባለው ፈንክሽን አልታወጀም ይላል። «ይሄን እኮ አውቀዋለሁ!» አለችኝ። ክፍል ውስጥ የተማረችው ነው፤ የስትሪንግ ሄደር ፋይሉን መጥራት ብቻ ነው የሚፈልገው። መስመሯን ጨመረች፣ ገነባችው፣ ሠራ።

ከዚያ ቆመች። ጠፋች ማለት ይቀላል። ስጠይቃት ፓቹን (የማስተካከያዋን ፋይል) አልላከችም። «ለአንድ መስመር ሰው ላስቸግር?» አለች። ደግሞ እንግሊዝኛዋ አስጨንቋታል፤ ደግሞ ባግ መከታተያው ለሁሉም ሰው ክፍት ነው፣ የጻፈችው ለዘላለም ይታያል። ይሉኝታ ነው። እኛ አገር ያደገ ሰው ይህን ስሜት ላስረዳችሁ አይባልም። ነገር ግን እዚህ ሥራ ላይ ይሉኝታ የሚጎዳው ተጠቃሚውን ነው። ባጉ ለወራት ክፍት ነበር፤ ማንም ካላስተካከለው ፓኬጁ ከሚቀጥለው እትም ይወጣል። ሰው ላስቸግር የሚለው ሐሳብ እዚህ ጋ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሜንቴይነሩን የሚያስቸግረው ፓች የሌለው ባግ ነው።

የእንግሊዝኛውን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ዴቢያን ውስጥ ጀርመኖች አሉ፣ ፈረንሳዮች አሉ፣ ብራዚላውያን፣ ጃፓኖች፣ ሕንዶች አሉ። በየቀኑ የምታነቡት እንግሊዝኛ የአብዛኞቹ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው። አጭርና ግልጽ የሆነ መልእክት ይወዳሉ። እሷም እንዲሁ ጻፈች። የትኛው እትም ላይ እንደገነባችው፣ ምን ስሕተት እንዳየች፣ የትኛውን መስመር እንደጨመረች፣ ከጨመረች በኋላ እንደተገነባና ፕሮግራሙን ከፍታ እንደሞከረችው። ያችን የመጨረሻዋን ነገር ብዙ ሰው ይረሳል፤ መገንባቱ ብቻ አይበቃም፣ ከፍታችሁ ሞክሩት። ፓቹን አባሪ አደረገች። ላከች።

ሜንቴይነሩ መለሰላት። ሁለት መስመር ነው። አመስግኖ፣ ፓቹን እንደሚያስገባው ነገራት። አዲሱ ፓኬጅ ሲገባ ባጉ በራሱ ጊዜ ተዘጋ፣ ቼንጅሎጉ ላይ ምስጋናው ከነስሟ ሰፍሯል። ስክሪንሾቱን ላከችልኝ፣ ከሥሩ ምንም አልጻፈችም። በማግስቱ «ሌላስ ምን አለ?» ብላ መጣች።

እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለእነዚያ ሁለት መስመሮች ነው። ሰውዬው ባይመልስላት ኖሮ ተመልሳ የምትመጣ አይመስለኝም። ምንም ያህል መመሪያ ብንጽፍ፣ ምንም ያህል «ጀማሪዎች እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ገጽ ብናሳምር፣ ሰው የሚቆየው ሰው ሲመልስለት ነው። ስለዚህ ይህን ለነባሮቹም እየጻፍኩ ነው፤ አማርኛ የምታነቡ፣ በተለያዩ ፕሮጀክቶች ውስጥ ፓች የምትቀበሉ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጊዜ የላችሁም፣ ይገባኛል። ጊዜ ከሌላችሁ «አይቼዋለሁ፣ በሚቀጥለው ወር እመለስበታለሁ» በሉት። እምቢታ ከሆነም እምቢ በሉት፣ ምክንያቱን ንገሩት። ዝም ማለት ከእምቢታ ይከፋል፣ ምክንያቱም ጀማሪው ዝምታውን በራሱ ላይ ነው የሚተረጉመው።

ሌላም አለ። የአንድ ልጅ የመጀመሪያ ፓኬጅ ለግምገማ ቀርቦ ሊንቲያን ያወጣው ማስጠንቀቂያ ሁሉ፣ ጥቃቅኑ ሳይቀር፣ እንደ ክስ ተዘርዝሮ ሲላክለት አይቻለሁ። (ሊንቲያን ፓኬጅን እየፈተሸ ጉድለቱን የሚዘረዝር ፕሮግራም ነው።) ከተዘረዘሩት ውስጥ ፓኬጁን ከመግባት የሚከለክለው የኮፒራይት ፋይሉ ጉድለት ብቻ ነበር። የቀረው ቢቆይ ማንንም አይገድልም። ልጁ የትኛው አስፈላጊ የትኛው ጌጥ እንደሆነ በምን ይለይ? በመጀመሪያው ዙር የሚከለክለውን ብቻ ንገሩት። ሌላው በሁለተኛው ይደርሳል። ያ ልጅ ለሁለተኛው ዙር አልተመለሰም፣ እኔንም ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሆኖም ጀማሪዎች፣ ገምጋሚ ሲያጠብቅባችሁ አትቀየሙ። ማጥበቁ ምክንያት አለው። በግንቦት 2008 ሉቺያኖ ቤሎ የተባለ የዴቢያን አባል ያገኘው ጉድ አለ። ከዚያ በፊት በ2006 የዴቢያን ኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ሶፍትዌር) ፓኬጅ ውስጥ አንድ መፈተሻ መሣሪያ ያሰማውን ማስጠንቀቂያ ለማጥፋት ተብሎ ሁለት መስመር ኮድ እንዳይሠሩ ተደርገው ነበር። እነዚያ መስመሮች የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫውን የሚመግቡ ነበሩ። እነሱ ሲዘጉ የሚስጥር ቁልፍ ሲፈጠር የቀረው ለውጥ የሚያመጣ ነገር የፕሮሰሱ (በዚያ ሰዓት የሚሠራው ፕሮግራም) መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ። ሊፈጠሩ የሚችሉት ቁልፎች ለአንድ ዓይነት ማሽንና ለአንድ የቁልፍ መጠን ወደ 32 ሺህ ብቻ ወረዱ፤ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሊሞክራቸው ይችላል። በዓለም ዙሪያ የነበሩ ሰርቨሮች ቁልፋቸውን እንደገና መሥራት ነበረባቸው። ስለዚህ «ይህን መስመር ለምን ነካኸው? ለዋናው ጸሐፊ ልከህለታል?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ሊያዋርዳችሁ አይደለም። ይህን ታሪክ ያስታውሳል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በመጋቢት 2024 መጣ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራም) መሐንዲስ የዴቢያን ያልተረጋጋው፣ ገና በዝግጅት ላይ ያለው እትም ላይ እየሠራ ሳለ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያው) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ኔትወርኩ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ተከታተለው፣ ኤክስዜድ የሚባለው የማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ለሰርጎ ገብ የሚሆን የስውር በር ተከፍቶ አገኘ። በሩን የከፈተው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ደህና ደህና ፓች እየላከ አመኔታ አተረፈ። ፕሮግራሙን ለብቻው ተሸክሞት የነበረው ሰው ደክሞት ነበር፤ ሌሎች የማይታወቁ ስሞች ደግሞ «ለምን ለሌላ አትለቅም?» እያሉ ወጠሩት። በመጨረሻ ሥልጣኑ ለዚያ ሰው ተሰጠ። ተንኮሉን የሚያስነሳው ቁራጭ ደግሞ ሁሉም ሰው በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ለፓኬጅ ሠሪዎች በሚለቀቀው የታሸገ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። ፓኬጅ የሚሠራን ሰው አስቦ የተሠራ ወጥመድ ነው። የዴቢያን የተረጋጋው እትም ከመነካቱ በፊት ተደረሰበት።

ከዚህ በኋላ «አዲስ ሰው አታስጠጉ» የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ። እኔ አልቀበለውም፣ አጥብቄ ነው የማልቀበለው። ያ ፕሮግራም የተጠቃው ሰው ስለበዛበት አይደለም። አንድ የደከመ ሰው ብቻውን ስለያዘው ነው። ሁለት ሦስት የታመኑ እጆች ከጎኑ ቢኖሩ ውጥረቱ መግቢያ ቀዳዳ አያገኝም ነበር። ለዚህ ነው ትንሽ ፓች ላይ ሙጭጭ የምለው። አንድ የኢንክሉድ መስመር ማንም አንብቦ ሊፈርድባት ይችላል፤ ጀማሪውን ማመን አያስፈልግም፣ ሥራው በሙሉ ዓይን ፊት ነው። መተማመኑ ከእንደዚህ ዓይነት ሥራ ቀስ እያለ ይገነባል። አንድ ሰው መጀመሪያ ቀን ያመጣውን ሺህ ፋይል ያለው አዲስ ፓኬጅ ግን ገምጋሚው ሁሉንም ልይ ቢል ቀኑ አይበቃውም።

እኛ አገር ሆኖ ይህን መሥራት የራሱ ጣጣ አለው። ዳታ ውድ ነው፣ መብራት ይጠፋል። ፓኬጅ በንጹሕ አካባቢ ለመገንባት ኤስቢዩልድ የሚባለውን ትጠቀማላችሁ፣ እሱ ደግሞ ጥገኛ ፓኬጆቹን እንደገና እንደገና ያወርዳል። አፕት ካቸር የሚባለውን ብትጭኑ አንዴ የወረደውን ያስቀምጥላችኋል፤ የዳታ ወጪያችሁ ላይ ለውጡን ታዩታላችሁ። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ሳልሳን ተጠቀሙ። ሳልሳ የዴቢያን የራሱ የጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ማዕከል ነው። ሥራችሁን እዚያ ስትገፉት እነሱ ሰርቨር ላይ ይገነባላችኋል፣ ሊንቲያንን ያስኬዳል፣ ፓኬጁ በትክክል እንደሚጫንና እንደሚወጣ ይሞክርላችኋል። እናንተ ጋ መብራት ቢጠፋ ሥራው እዚያ ይቀጥላል፤ ሲመጣ ውጤቱን ታነባላችሁ። ክሮሚየምን ወይም ሊብረኦፊስን ግን አትንኩ፣ ለጀማሪም ለአሮጌ ላፕቶፕም አይሆኑም። ትንሽ የፓይተን ወይም የሲ ፕሮግራም ምረጡ።

የፊርማ ነገር አለ። ወደፊት በራሳችሁ ፊርማ አፕሎድ የማድረግ ፈቃድ ስትጠይቁ፣ አንድ ነባር የዴቢያን አባል በአካል አግኝቷችሁ፣ መታወቂያችሁን አይቶ የዲጂታል ፊርማ ቁልፋችሁን ቢፈርምላችሁ ነው መንገዱ የሚቃናው። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ለጊዜው አትጨነቁበት። በስፖንሰር በኩል ለሚገባ ሥራ ይህ አያስፈልግም፤ ባግ መከታተያው ላይ ፓች ለመላክ ደግሞ ኢሜይል ይበቃል። ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ግን ዕድሉ በእጃችሁ ነው፤ የዴቢያን አባላት እዚያ ብዙ ናቸው። ዴብኮንፍ የሚባለው ዓመታዊ ስብሰባም አለ፣ በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጥቶ ኬፕታውን ላይ ተካሂዷል፤ ለአስተዋጽዖ አድራጊዎች የጉዞ ድጋፍ ይሰጣል። እዚያ የደረሰ ሰው ፊርማ ብቻ ይዞ አይመለስም፤ በኢሜይል ሲያናግራቸው የከረሙ ሰዎችን ፊት ለፊት አግኝቶ ይመለሳል።

ወደ ቋንቋችን ልምጣ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ ዴቢያን ውስጥ ሰዎች የሠሩትን ተመልከቱ። አቢሲኒካ ፎንት በፓኬጅ አለ። ለአስፔል (ለፊደል ስሕተት ማረሚያው ፕሮግራም) የአማርኛ መዝገበ ቃላት በፓኬጅ አለ። ኤም17ኤን የሚባለው የመጻፊያ ስብስብ ውስጥ በሴራ ስልት አማርኛ መጻፊያ አለ፣ በላቲን ፊደል ድምፁን ትመቱታላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ይወጣል። ኢንስቶለሩም የአማርኛ ትርጉም ፋይል አለው። እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ ሠርቷቸዋል፣ አንዳንዶቹን አማርኛ የማይናገር ሰው እየተንከባከበ ነው የሚያቆያቸው። ያ ሰው ፎንቱ ውስጥ «ጿ» ተሰብሮ ቢወጣ በምን ያውቃል? መዝገበ ቃላቱ ትክክለኛውን ቃል በቀይ ቢያሰምርበት ማን ይነግረዋል? ኮድ መጻፍ ፈጽሞ የማይችል፣ ግን አማርኛ ጠንቅቆ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ከየትኛውም ፕሮግራመር ይበልጣል። ኦሮምኛና ትግርኛ የምትናገሩ ልጆችም እንዲሁ፤ የእናንተ ቋንቋ ምን አለው ምን ጎደለው ብሎ በአፕት መፈለግ ራሱ ጥሩ ጅምር ነው። የፓኬጆቹን አጭር መግለጫ ወደ አማርኛ መመለስም ይቻላል፣ ለእሱ ራሱን የቻለ የትርጉም ፕሮጀክት አለ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አዲስ ፓኬጅ ሥሩ። አልከለክልም፣ እንዲያውም ያኔ እኔ ነኝ የምጎተጉታችሁ። ሁለት ሦስት ፓች ከገባላችሁ በኋላ ስም አላችሁ፣ ቼንጅሎግ ማንበብ ለምዳችኋል፣ ላይሰንስ ስትከፍቱ የት እንደምታዩ ታውቃላችሁ። ስፖንሰር ስትፈልጉም «ያችን ፓች የላከው ልጅ» ተብላችሁ ትታወቃላችሁ።

መልስ ካልመጣላችሁ ሁለት ሳምንት ጠብቁና በትሕትና አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ይህን ለማየት ጊዜ አግኝተው ይሆን?» ብቻ። ነውር የለውም። ሰው ይታመማል፣ ይወልዳል፣ ሥራ ይበዛበታል። እንደገና ዝም ከተባላችሁ ለእኔ ላኩት። የፓኬጁን ስም፣ ቨርዥኑን፣ የባጉን ቁጥርና እናንተ የሞከራችሁትን አንድ ላይ አድርጋችሁ ላኩ። ፓቹ ያላለቀ ቢሆንም ግድ የለም፣ እንዳለ ላኩት፤ አብረን እናየዋለን።